የቅዳሜው ኩላሊት

መስከረም 6

ከአክስቴ ልጅ ደብዳቤ መጣ። እንደ ልማዴ ደብተሬ ላይ በመርፌ ሰፋሁት። ይህ ደብተር የሱቅ ውሎዬን የምጽፍበት ነው፤ የምልከውን ደብዳቤ ግልባጭ የማስቀምጠውም እዚሁ ነው። ነጋዴ የተናገረውን ከረሳ ደንበኛው ያስታውሰዋል።

ሌላ ሰው ቢያነበው እንዲገባው ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኔንም የአክስቴን ልጅም ያሳደጉን አጎታችን ናቸው፤ ሁለታችንም አባባ እንላቸዋለን። ሙያቸው የሆድ ዕቃ መሸጥ ነው። አሁን ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ሆነው ይቆጣጠሩኛል።

ቤታችን አንድ ደንብ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚመጣው በሬ ለእያንዳንዳችን የተለየ ድርሻ አለን። የአባባ ምላስ ነው፤ ጠዋት ድስት ይገባል፣ መንጠቆ ላይ ውሎ አያውቅም። የባለቤታቸው ልብ ነበር። የእኔ ጣፊያ ነው፤ ማንም ስለማይመርጠው በልጅነቴ ተሰጠኝ፣ ለመድኩት፣ ዛሬ በጉበት አልለውጠውም። የአክስቴ ልጅ ኩላሊት ነው። አንዱ ከቤት ሲርቅ ድርሻው መንጠቆ ላይ ይሰቀላል፤ እስከ መዝጊያ ይቆይና ለውጭ ሰው ይሸጣል። የቤት ሰው አይቀምሰውም። አንዱ ሲሞት ግን የቀሩት አንድ ላይ ተቀምጠው ድርሻውን ይበሉለታል። የአባባ ባለቤት ሲሞቱ ልቡን ሦስት ሆነን በላን።

የአክስቴ ልጅ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቀን ነበር። ደንበኛ በሞላበት ሱቅ፣ «ሌላው የሚጥለውን ለቅመን የምንሸጥ ነን፤ ጠረናችን ሰው ያባርራል» አላቸው። እሳቸውም «እንግዲያው ከእጄ አትብላ» አሉት። ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አውቶቡሱ ገና ሳይነሳ አባባ ኩላሊቱን ጠብሰው በሉት። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይበሉታል። ሲጠሩትም «ሂያጁ» ነው የሚሉት።

ለእሱ የምጽፍለት ግን «ተሰቅሏል» እያልኩ ነው። ሚዛን ላይ ዋሽቼ አላውቅም። ወረቀት ላይ ሰባት ዓመት ዋሸሁ።

*

ነሐሴ 19

ለማከብርሽ እታለም፤

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ጤናሽ የተሟላ፣ ቢላሽ የተሳለ፣ ደጃፍሽ ደንበኛ የማይጠፋበት ሆኖ ያግኝሽ። እኔ ከብርዱ በቀር የሚከፋኝ የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ሥራ ለውጫለሁ። አሁን ያለሁት ሆት ዶግ የሚሉት ቋሊማ የሚመረትበት ፋብሪካ ነው። ማደባለቂያው አጠገብ እቆማለሁ። የአርባ ከብት ጉንጭ፣ ልብና ቁርጥራጭ ባንድ በርሜል ይገባል፣ በረዶ ይጨመርበታል፣ ሲወጣ ሮዝ ሊጥ ነው። ጣት በምታክል ሽፋን ይሞላል፣ በጭስ ይታጠናል፣ ይቀቀላል። ሰው በለስላሳ ዳቦ ከቶ ሰናፍጭ ቀብቶበት እየሄደ ይበላዋል። ቀመስኩት። አይጣፍጥም አልልም። ግን እታለም፣ ጉበት ጉበት ይላል፣ ምላስም ምላስ ይላል፤ ይሄ ምንም አይልም። የአርባ ከብት ሥጋ ሆኖ የማንም ድርሻ አይደለም።

ምሳ ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ምግብ ይከራከራሉ። የጭነት መኪናው ሾፌር ቋሊማውን ከነቅዝቃዜው ከማሸጊያው እያወጣ ይበላል፤ «እሳት ጣዕም ይሰርቃል» ይላል። በያጇ አንጎል በእንቁላል ካላገኘች በልታ የጠገበች አይመስላትም። ዘበኛው የዶሮ እግር ይግጣል። «አንተስ?» አሉኝ። «ኩላሊት» አልኩ። ሾፌሩ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «ከበሬው ሁሉ መርጠህ ሽንት ቤቱን?» አለኝ። ብድግ ብዬ «ኩላሊት አይሸትም፤ የሚሸተው ማጠብ የማያውቅ ሰው እጅ ነው» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። የአባባ ንግግር ነው። ያን ቀን በደንበኛ ፊት ያልኳቸው ትዝ አለኝና ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

እንደ ሁልጊዜው ልጠይቅሽ። ኩላሊቴስ?

አባባን ሰላም በይልኝ አልልሽም፤ እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ።

ውለታሽን የማይረሳ ወንድምሽ

*

መስከረም 9

ለወንድሜ፣ ለአክስቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ብርዱን ያስታግስልህ፣ ጣትህን ከማሽኑ ጥርስ ይጠብቅልህ። እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ እግራቸው ብቻ ትንሽ ያስቸግራቸዋል።

ሾፌሩን እንዲህ በለው። ኩላሊት ለሁለት ተከፍሎ ነጩ ጅማት ከመሐሉ ካልወጣ እውነትም ይሸታል። ጨውና ሎሚ ባለበት ውሃ ትንሽ ይቀመጥ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ እሳቱ ኃይለኛ፣ ጊዜው አጭር ይሁን። ብዙ ከቆየ ጎማ ነው። በያጇን ግን ወድጃታለሁ፤ አንጎል የምትወድ ሴት የዋዛ አይደለችም።

እዚህ ሁሉም ያው ነው። ጡረተኛው አስተማሪ አሁንም «ለድመቴ» እያሉ ሳንባ ይገዛሉ። ድመቷ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል። አላሳፍራቸውም፤ «ድመትዎ ሽንኩርት ትወዳለች?» ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ። «ቃሪያም ትወዳለች» ይሉኛል።

ለምላስ መላጫ የሚሆን ቀጭን ቢላ ካገኘህ ላክልኝ። ምላስ የሚላጠው ትኩስ ሳለ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ከቀዘቀዘ ቆዳው ሥጋውን ይዞ ይነሳል። የእኔ ቢላ አርጅቶ ይዘገያል።

ኩላሊትህ ተሰቅሏል። ባለፈው ቅዳሜ እስከ መዝጊያ ቆይቶ ልብስ ሰፊዋ ወሰደችው።

በሄድክበት ሁሉ መልካም ሰው ይግጠምህ፤
እህትህ

*

ኅዳር 3

የአባባ የእግር አውራ ጣት እንደ ቲማቲም ቀላ። ጫማ እምቢ አላቸው። ደግፌ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የደም ውጤቱን አየና «ሪህ ነው፣ አባት። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ምላስ፣ ልብ፤ ከዛሬ ጀምሮ እነዚህ አራቱ የሉም» አለ።

«ታዲያ ምን ልብላ? አንተን?»

«አትክልት ይብሉ።»

«በሬውም አትክልት ሲበላ ነው የኖረው» አሉት አባባ፣ «መጨረሻውን ሱቄ መጥተህ እይ።»

ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ ልባቸውን ሲያዳምጥ ሳቁን ተወ። ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ ልባቸውም እንደደከመ፣ ክረምቱን ማለፋቸውን እንደሚጠራጠር ነገረኝ። ለሪሁ መድኃኒት ጻፈልኝ። አራት ፋርማሲ ዞርኩ፤ የለም።

*

ኅዳር 5

ለወንድሜ፤

ጤናህን ያብዛልህ። ቢላው ደርሶኛል፤ እጅህ ይባረክ፣ ፀጉር ይቆርጣል።

ሌላ ነገር ላስቸግርህ። ስሙን በሌላ ወረቀት የጻፍኩልህን የሪህ መድኃኒት ፈልግልኝ፤ እዚህ ጠፍቷል። ለአንድ የቆየ ደንበኛ ነው።

ኩላሊትህ ተሰቅሏል።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 12 (ጥር 3 ደረሰ)

ለማከብርሽ እታለም፤

ያሰብሽው ይቃናልሽ፣ ቤታችን ሰው አይጉደልበት። እኔ በሥራዬ አለሁ።

መድኃኒቱ እዚህ ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጥም። መድኃኒቱ የታዘዘለት ሰው እስካገኝ ነው የዘገየሁት። ዘበኛው ለካ ሪህ አለበት፤ የዶሮ እግሩን ትቶ መድኃኒቱን ለእኔ ሰጠኝ። ሁለት ብልቃጥ ነው።

የቆየ ደንበኛሽ ምላስ ይወዳል? ወንበሩ መስኮት ሥር ነው? እንዳትመልሽልኝ። ከመለስሽልኝ ሥራ መሥራት አልችልም፤ ማሽኑ ደግሞ ሐሳብ ያለበትን እጅ ይወዳል።

ስለ ኩላሊቴ ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

*

ጥር 11፣ ቅዳሜ

ምላሱን ጠዋት ጣድኩ። ኩላሊቱን ልጠብስላቸው እጄን ስዘረጋ አባባ ከወንበራቸው «ተይው» አሉ።

«አይበሉም?»

«ተይው አልኩሽ። እስከ መዝጊያ ይቆይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደንቡን እኔ ነኝ የምነግርሽ?»

መንጠቆ ላይ ሰቀልኩት። በመስኮቱ ወደ መንገዱ ማየት ቀጠሉ። ስንዘጋ ኩላሊቱን ለልብስ ሰፊዋ ሸጥኩላት። ሰባት ዓመት ስሟን እየጠራሁ ስዋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ገዛች። ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ስቆጥር አይታ «ጎደለ?» አለችኝ።

እውነቱን ለአክስቴ ልጅ ልጽፍለት ተቀመጥኩ። የምጽፈው ግን «ተሰቅሏል» ነው፤ ሰባት ዓመት በውሸት የጻፍኩት ቃል። ወረቀቱን አጠፍኩና ተውኩት። ሁለትና ሦስት ቅዳሜ ልይ።

*

ጥር 27

ለወንድሜ፤

ፈጣሪ ቀና ልብ ይስጥህ፤ ዛሬ ያስፈልግሃል።

መድኃኒቱ ደርሷል፤ ዘበኛውን አመስግንልኝ። አሁን የምልህን ቁጭ ብለህ አንብብ። ኩላሊትህ ተሰቅሎ አያውቅም ነበር። በሄድክበት ቅዳሜ አባባ በሉት፤ ከዚያም ሰባት ዓመት ሲበሉት ኖሩ። እኔ ዋሸሁህ። ለምን እንደዋሸሁ አልተነትንም፤ ሌላ የምልክልህ ነገር ስላልነበረኝ ነው።

ይህን የምነግርህ ጥር 11 ቀን «ተይው፣ እስከ መዝጊያ ይቆይ» ስላሉ ነው። ጥር 18ም፣ ጥር 25ም እንደዚሁ። ሦስት ቅዳሜ ቆጥሬ ነው የጻፍኩልህ። ኩላሊትህ ተሰቅሏል። ይሄኛው እውነት ነው።

ስለ ደንበኛው መልስ አትስጪ ስላልክ አልሰጥም። ብትመጣ ግን አትዘግይ።

እህትህ

*

መጋቢት 8 (መጋቢት 30 ደረሰ)

ለማከብርሽ እታለም፤

ልብሽ ይረፍ፤ አልተቀየምኩሽም። ሦስት ሳምንት ገደማ ወረቀትሽን ኪሴ ይዤው ዞርኩ፤ የዘገየሁት ለዚህ ነው።

አውቅ ነበር። ያን ቅዳሜ ኮቴን ቤት ረስቼው ኖሮ ከአውቶቡስ ጣቢያ ተመለስኩ። በጓዳው መስኮት አየኋችሁ። ኩላሊቱ ሳህን ላይ ነበር፤ አባባ ይበላሉ፤ አንቺን «ብዪ እንጂ» ሲሉሽ ሳህኑን ገፋሽው። ኮቴን ሳልወስድ ሄድኩ። በየደብዳቤው የጠየቅኩሽ እንደምትዋሺኝ እያወቅኩ ነው። ሳህኑን የገፋልኝ አንድ ሰው ያለበት ቤት አለኝ ለማለት «ተሰቅሏል» የሚለው ቃል ይበቃኝ ነበር።

አሁን እውነት ነው ስትዪኝ ፈራሁ። ደንበኛሽ ሪህ አለበት፤ እኔም ዘበኛውን ጠይቄ ተረድቻለሁ፣ ሪህ ያለበት ሰው ኩላሊት አይበላም። ሐኪም ከልክሏቸው ነው። የተዉት ለአውራ ጣታቸው እንጂ ለእኔ አይደለም። እታለም፣ ለአውራ ጣት ተብሎ የተሰቀለ ኩላሊት ላይ ድርሻዬ ነው ብዬ አልመጣም። መጥቼ «ማን ጠራህ?» ቢሉኝ የምመለስበት ጉልበት የለኝም።

ወንድምሽ

*

ሚያዝያ 2

ለወንድሜ፤

ማስተዋሉን ያድልህ። አጭር ነው የምጽፈው።

ሐኪሙ የከለከለው አራት ነገር ነው፤ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ምላስ፣ ልብ። እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ። አባባ ምላሱን አንድም ቅዳሜ አልዘለሉም። «በምላሴ ብሞት ማን ይከሰሳል?» ይላሉ። ጉበት ዞር ስል ከሚዛኑ ላይ ቆንጥረው ይጎርሳሉ፤ የማላይ ይመስላቸዋል። ልብም አላለፋቸውም። ከአራቱ የተዉት አንዱን ብቻ ነው። አውራ ጣታቸው ቢያሳስባቸው አራቱንም በተዉ።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ሰው የሚፈልገውን ከአፉ አልሰማም፤ ምን ትቶ እንደሄደ ነው የማየው።

ኮትህ ከጓዳው በር ኋላ ምስማሩ ላይ ነው። ለምን እንዳልወሰድከው ሰባት ዓመት ሙሉ ሳስብ ነበር።

የደንበኛው ወንበር መስኮት ሥር ነው። መንገዱን ያያል።

እህትህ

*

ሚያዝያ 14፣ ሰኞ

አባባ ጠዋት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ጨጓራ እያጠብኩ ነበር። «ውሃው ሞቅ ይበል» አሉኝ። ሞቅ አድርጌ ስመለስ አልነበሩም።

ሚያዝያ 19፣ ቅዳሜ

ደንቡ የቀሩት ምላሱን ይብሉ ይላል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ቀቅዬ ብቻዬን ብበላው የቤታችን ሰው በእኔ አለቀ ማለት ነው፤ የአክስቴን ልጅም ከአባባ ጋር ቀበርኩት ማለት ነው። አልበላሁም። መንጠቆ ላይ ሰቀልኩት፤ ስዘጋ ሸጥኩት። ኩላሊቱንም እንዲሁ።

መርዶውን ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ደብዳቤዬ ደርሶት እያሰበ ይሆናል። አሁን ይህን ከሰማ የሚመጣው ለቀብር ወግ ነው፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። መጀመሪያ የእሱን ቃል ልስማ። ጥፋት ከሆነ በእኔ ይሁን።

*

ሚያዝያ 22 (ግንቦት 8 ደረሰ)

እታለም፤

አራቱን ነገር ቆጠርኩ። ለበያጇም ቆጠርኩላት። «ምን ትጠብቃለህ፣ የቆመ አህያ?» አለችኝ።

ግንቦት 10 ቅዳሜ ከመዝጊያ በፊት እደርሳለሁ። ኩላሊቱን እንዳትሸጪው።

ለአባባ ምንም አትንገሪያቸው። ያን ቀን በደንበኛ ፊት ያልኩትን በደንበኛ ፊት ልመልሰው እፈልጋለሁ። እኔው እነግራቸዋለሁ።

ወንድምሽ

*

ግንቦት 11፣ እሑድ ጠዋት

ደብዳቤው ሐሙስ ደረሰ። መልስ የሚደርስበት ጊዜ አልነበረም። ቅዳሜ ማለዳ ኩላሊቱን ሰቀልኩ፤ አጠገቡ ምላሱን። የአባባን ወንበር ከመስኮቱ አላነሳሁትም።

ቅዳሜ የምንዘጋው ስምንት ሰዓት ነው። ወደ ስድስት ሰዓት ልብስ ሰፊዋ መጣች።

«ኩላሊቷን ዛሬ ቀደም አድርገሽ ስጪኝ፤ እንግዳ አለብኝ።»

«ዛሬ አይሸጥም። ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው።»

«ምላሱስ?»

«እሱም።»

«ታዲያ ምን ልትሸጪ ነው የከፈትሽው?» ብላ ጉበት ይዛ ሄደች። አስተማሪው ሳንባቸውን እያስጠቀለሉ ሳለ በሩ ተከፈተ።

ጎልምሷል። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ሻንጣውን እንደያዘ ደፉ ላይ ቆመ። አስተማሪውን ሲያይ ጉሮሮውን ጠረገ፤ መንገድ ሙሉ ያዘጋጀው ነገር እንደነበረው ፊቱ ያስታውቃል። መጀመሪያ ዓይኑ ኩላሊቱ ላይ ዐረፈ። ሊስቅ ነበር። ከዚያ ምላሱን አየ። በዚህ ሰዓት የአባባ ምላስ ድስት ውስጥ ነው የሚሆነው። ወደ ወንበሩ ዞረ። እንደገና ወደ ምላሱ።

«መቼ?» አለኝ።

«የዛሬው አራተኛ ቅዳሜ ነው።»

«ደብዳቤዬ ሲደርስ…»

«አልነበሩም።»

አስተማሪው ባርኔጣቸውን አወለቁና ሳንባቸውን ሳይወስዱ ቀስ ብለው ወጡ። እሱ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ።

«በላሽው?»

«ብቻዬን?» አልኩት።

ሱቁን ዘጋሁ። እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ምላሱን ከመንጠቆ አውርዶ በጨው አሸው፣ ድስት ውስጥ ከተተው። ውሃው እስኪፈላ ወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በደንበኛ ፊት ሊል የመጣውን አለ። ምን እንዳለ እዚህ አልጽፈውም፤ ለእኔ አልነበረም።

ኩላሊቱን ከፍዬ ጅማቱን አወጣሁለት። ኃይለኛ እሳት፣ አጭር ጊዜ። ሳህኑን ፊቱ ሳስቀምጥ «አንቺስ?» አለ።

«እሱ የአንተ ነው። የሁለታችን ገና አልበሰለም።»

ፀሐይ ከመስኮቱ ሳትሄድ ምላሱ በሰለ። በላከልኝ ቢላ አንዱን ጎን እሱ፣ አንዱን ጎን እኔ ያዝን። ጣታችንን እያቃጠለን፣ ሳይቀዘቅዝ ላጥነው።